ከሰማይ የወረደው ባዕድ፦ የወረራ ፊልሞችና የአንድ ቃል ታሪክ

ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ድርቅ መወያየት በለመደ መጽሔት ላይ ከማርስ ወረዱ ስለሚባሉ ፍጡራን መጻፍ አንዳንድ አንባቢን «ቁም ነገር ጠፍቶ ነው?» ሳያሰኝ አይቀርም። ይህ ጸሐፊም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ያስብ ነበር። አሳቡን ያስለወጠው አንድ የሲኒማ ምሽት ነው። በጁላይ 1996 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «የነፃነት ቀን» የተሰኘውን ፊልም ከትምህርት ቤት ባልንጀሮቼ ጋር ለማየት ሄድሁ። ከሰማይ የመጡት ኤልየኖች የአሜሪካንን ቤተ መንግሥት በአንድ የእሳት ጨረር ብትንትኑን ሲያወጡት አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ኋላም ኤልየኖቹ በተራቸው ሲያልቁ ጭብጨባው ባሰ። በዚያች ሰዓት በኪሴ የነበረው የመኖሪያ ካርድ በአናቱ ላይ «ሬዚደንት ኤልየን» የሚሉ ሁለት ቃላት ታትመውበት ነበር። ነዋሪ ኤልየን ማለት እኔ ነበርሁ።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «የሌላ የሆነ» ማለት ነው። የአሜሪካ ሕግ ገና በ1798 ስለ ኤልየኖችና ስለ ጠላት ኤልየኖች ደንግጓል፤ በ1940 ኤልየኖች ሁሉ እንዲመዘገቡና አሻራ እንዲሰጡ አዘዘ፤ የ1952ቱ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግም ቃሉን ከዳር እስከ ዳር ይጠቀምበታል። የልብ ወለድ ጸሐፊዎች ለሌላ ዓለም ፍጡር መጠሪያ ያደረጉት ያንኑ የሕግ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ጉዳዩ ይለያል። ወራሪ፣ ባዕድ፣ እንግዳ፣ ስደተኛ፣ መጻተኛ የተባሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዓርግና ግዴታ አላቸው፤ እንግዳ እግሩ ይታጠባል፣ ወራሪ ይመከታል፣ መጻተኛን መጽሐፍ ቅዱስ እንዳትገፋው ይላል። እንግሊዝኛው ግን ሊወጋ የመጣውንና ሊጠለል የመጣውን በአንድ ስም ጠቅልሎ ይጠራል። የወረራ ፊልሞች የመቶ ዓመት ጉዞም በእኔ አስተያየት በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል የተደረገ ምልልስ ነው።

የትረካው አባት እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ ነው። «የዓለማት ጦርነት» የተባለው ልብ ወለዱ በ1897 በመጽሔት በተከታታይ ከወጣ በኋላ በ1898 በመጽሐፍ ታተመ። ዌልስ መጽሐፉን ለወንድሙ ለፍራንክ ያበረከተው አሳቡን ያፈለቀው ፍራንክ በመሆኑ ነው። ወንድማማቾቹ በእንግሊዝ ገጠር ሲንሸራሸሩ አውሮፓውያን በታስማኒያ ደሴት ሕዝብ ላይ ስላደረሱት ጥፋት ይነጋገሩ ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ኃይል ድንገት ከሰማይ በእኛ ላይ ቢወርድስ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ደራሲው በመጀመሪያው ምዕራፍ አንባቢው ማርሳውያንን ከመኮነኑ በፊት የገዛ ወገኖቹ በታስማኒያ የሠሩትን እንዲያስታውስ ያሳስበዋል። (ሕዝቡ ፈጽሞ ጠፋ ማለቱ ግን ስሕተት ነው፤ ዘሮቻቸው ዛሬም አሉ።) እንግዲህ በምንጩ ላይ የምናገኘው ወራሪ ባዕድ አይደለም። በመስተዋት የታየ ቅኝ ገዥ ነው። የለንደን ሰው ለአንድ ጊዜ እንኳ በተወራሪው ቦታ እንዲቆም ተገደደ።

መጽሐፉ የታተመው ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዌልስ ዓድዋን አስቦ ጻፈው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የእኛ አንባቢ አንድ ነገር ሳይከነክነው አያልፍም። ማርሳውያኑ ከታጠቁት መሣሪያ አንዱ በሸለቆና በመንደር ላይ የሚንፏቀቅ ጥቁር መርዘኛ ጭስ ነበር። ከመጽሐፉ መታተም አርባ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1935ና በ1936፣ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ በኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ፣ በከብቱና በውኃው ላይ ረጩ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ቀርበው ይህንኑ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አሰሙ። ሰሚ አላገኙም። በኦክቶበር 30 ቀን 1938 ምሽት ደግሞ ኦርሰን ዌልስ (ከደራሲው ጋር ዝምድና የለውም) ልብ ወለዱን በሬዲዮ ድራማ መልክ አቀረበው። ማርሳውያኑ ኒው ጀርሲ አረፉ፤ መርዘኛው ጭስ ኒው ዮርክን ሸፈነ። ዜና መስሏቸው የደነገጡ አድማጮች ነበሩ። በማግሥቱ ጋዜጦች አገር ምድሩ ተሸበረ ብለው ያወሩት ግን ከልክ ያለፈ እንደነበር የኋላ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ለእኔ የሚገርመኝ የድንጋጤው መጠን አይደለም። ከሰማይ የሚወርድ መርዝ ለኒው ጀርሲ ሰው የሬዲዮ ጨዋታ በነበረበት ሰዓት ለወሎና ለትግራይ ገበሬ የሁለት ዓመት ትዝታ መሆኑ ነው።

ሆሊውድ ትረካውን ሲረከብ መስተዋቱን አውልቆ ጣለው። በ1947 ኬኔት አርኖልድ የተባለ አብራሪ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ሰማይ ላይ ዘጠኝ እንግዳ በራሪዎች አየሁ ካለ በኋላ «በራሪ ሳሕን» የሚለው ስም ከጋዜጣ ወደ ሕዝብ አፍ ገባ። በ1949 ሶቪየት ኅብረት የአቶም ቦምብ ፈነዳች። በ1953 ባይረን ሃስኪን ያዘጋጀው «የዓለማት ጦርነት» ፊልም ታሪኩን ከእንግሊዝ ወደ ካሊፎርኒያ አዛወረው። የአቶም ቦምብ ሳይቀር በማርሳውያኑ ላይ ተጥሎ ከሸፈ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ሊያነጋግራቸው የቀረበው ቄስ ተቃጠለ፤ ሕዝቡም በቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ሲጸልይ ወራሪዎቹ በጥቃቅን ተሕዋስያን ተመተው ወደቁ። ፍጻሜው የዌልስ ነው። ታስማኒያ ግን ከፊልሙ ወጥታለች። ከ1812ቱ ጦርነት ወዲህ ዋና ከተማዋን የባዕድ ጦር ረግጦባት የማያውቅ አገር የተወራሪን ልብስ ለበሰች፤ የወራሪነት ኃጢአቷን ግን መናዘዝ አላስፈለጋትም።

በዚያው ዘመን ከመንገዱ የወጣ አንድ ፊልም አለ። በ1951 ሮበርት ዋይዝ ያዘጋጀው «ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን» ክላቱ የተባለ የሰማይ መልእክተኛ ዋሽንግተን ከተማ ሲያርፍ ያሳያል፤ ስጦታ ሊሰጥ እጁን ሲዘረጋ የደነገጠ ወታደር ይተኩስበታል። ክላቱ ከሆስፒታል አምልጦ በአንድ የኪራይ ቤት ተከራይ ይሆናል። በስደት ለኖረ ሰው ከፊልሙ ሁሉ ልብ የምትነካው ይህች የኪራይ ክፍል ናት፤ ሌሎቹ ተከራዮች ቁርስ ላይ ተቀምጠው ያ ባዕድ የት ተደብቆ ይሆን እያሉ ሲያወሩ እርሱ እዚያው መካከላቸው ተቀምጦ ያዳምጣል።

የዘመኑን ፍርሃት ከሁሉ ይልቅ የገለጸው ግን በ1956 ዶን ሲገል ያዘጋጀው «የገላ ነጣቂዎች ወረራ» ነው። በአንዲት የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ሰዎች እንቅልፍ ሲወስዳቸው ከትልልቅ የተክል ፍሬዎች በሚወጡ ምስሎቻቸው ይተካሉ። መልኩም ድምፁም ትዝታውም ያው ነው፤ የጠፋው ስሜት ብቻ ነው። አንዱ ተቺ ይህ የኮሚኒዝም ሥዕል ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ የሴናተር ማካርቲ ዘመን የወለደው የአንድ ዓይነትነት ፍርሃት ነው አለ። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ የፊልሙ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ቀበሌው «ጸጉረ ልውጥ ሰው ስታዩ አመልክቱ» ሲል ጠላት በመልኩ ይታወቃል የሚል እምነት ነበረው። የሲገል ፊልም ከዚህ የከፋውን ይናገራል፤ ጠላት ጸጉሩ አልተለወጠም፣ ጎረቤትህ ነው፣ ትናንት ቡና የጠራህ ነው። ፊሊፕ ካውፍማን በ1978 በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ሲሠራው የተለወጡት ሰዎች ያልተለወጠውን ሰው በጣታቸው እየጠቆሙ ይጮኻሉ። ያ ዓመት በአዲስ አበባ የቀይ ሽብር ዓመት ነበር። ያንን ጣት በዓይናቸው ላዩ አንባቢዎች ከዚህ በላይ ማብራራት አያሻኝም።

የ1960ዎቹን ርካሽ ፊልሞች አልፋቸዋለሁ። በ1977ና በ1982 ስቲቨን ስፒልበርግ ያወጣቸው ሁለት ፊልሞች፣ በተለይም «ኢ.ቲ.»፣ ባዕዱን ወዳጅ አደረጉት። የተወደደበት ምክንያት ግን ይታሰብበት፤ ትንሽ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ከሁሉም በላይ ወደ አገሩ መመለስ ይፈልጋል። ሊቀመጥ የመጣ ባዕድ እንዲያ ይወደድ እንደሆነ ፊልሙ አልጠየቀም።

ጥያቄውን የጠየቀው ብዙ ተመልካች ያላገኘ ሥራ ነው። ጆን ሴልስ በ1984 ያዘጋጀው «ከሌላ ፕላኔት የመጣው ወንድም» ከባርነት ያመለጠ ጥቁር መልክ ያለው ፍጡር ኒው ዮርክ አጠገብ፣ የቀድሞው የስደተኞች መቀበያ በሆነው በኤሊስ ደሴት ሲወድቅ ይጀምራል። መናገር አይችልም፤ ግድግዳውን ሲዳስስ ግን በዚያ ያለፉትን ስደተኞች ድምፅ ይሰማል። ሃርለም ይገባል፤ የተበላሸ ማሽን በእጁ ዳብሶ ስለሚጠግን ሥራ ያገኛል፤ ሁለት ነጭ አሳዳጆችም ከሰማይ ተከትለውት ይመጣሉ። በሃርለም ቡና ቤት ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጡ ማንንም አላስደነቀም። የስደተኛ ወረቀት ሳይኖረን በሰው አገር ዝም ብለን የተቀመጥንባቸውን ወራት የምናስታውስ ሰዎች ይህን ፊልም እንደ ሳይንስ ልብ ወለድ ማየት ይቸግረናል።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ጠላት ያጣው ሲኒማ ወደ ሰማይ ዞረ፤ «የነፃነት ቀን» የዚያ ባዶነት ልጅ ነው። በፊልሙ ዓለም ሁሉ በአሜሪካ መሪነት ተሰልፎ ጁላይ 4ን የሰው ልጅ በዓል ያደርጋል። ኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቼ ሳቁበት፤ እኔም ስቄአለሁ። ሳቁ ከሴፕቴምበር 2001 በኋላ ተቋረጠ። ስፒልበርግ በ2005 «የዓለማት ጦርነት»ን እንደ ገና ሲሠራ ጀግናው ከመጀመሪያው ጥቃት ያመልጥና የተቃጠሉ ሰዎች አመድ ለብሶ ቤቱ ይገባል፤ መንገዱም የአሜሪካውያን ስደተኞች ጎርፍ ይሆናል። በጀልባ ለመሳፈር እርስ በርስ ሲረጋገጡ ያየ ሱዳንን በእግሩ የተሻገረ ወዳጄ «አሁን ገባቸው» አለኝ። እኔ ግን አልተስማማሁም። አመዱ የእነርሱ ነበር፤ ስለ ሌላው ስደተኛ ፊልሙ ያለው ነገር የለም።

መስተዋቱን መልሶ የሰቀለው ከአፍሪካ የመጣ ሥራ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ኒል ብሎምካምፕ በ2009 ባወጣው «ዲስትሪክት ናይን» የሰማይ መርከብ በ1982 ጆሃንስበርግ ላይ ቆማ ትቀራለች። ውስጧ የተራቡና የታመሙ ፍጡራን ይገኛሉ፤ በሰፈር ታጥረው «ፕራውን» የሚል የስድብ ስም ይወጣላቸዋል፤ በመጨረሻም በግል ድርጅት አማካይነት ወደ ሩቅ ካምፕ እንዲዛወሩ ይፈረድባቸዋል። ስሙ የኬፕ ታውንን ዲስትሪክት ሲክስ ያስታውሳል፤ የአፓርታይድ መንግሥት በ1966 ያንን ሰፈር ለነጮች ብቻ ብሎ አውጆ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሕዝብ አፈናቅሏል። ፊልሙ የተቀረጸው በሶዌቶ፣ በ2008 ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በደቡብ አፍሪካ ድሆች ሰፈሮች በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው በተነሡት ሁከቶች ሱቃቸው የተዘረፈ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ ባዕድ በፊልም ይታዘንለት ነበር፤ በመንገድም ይቃጠል ነበር።

ይህን ፊልም ከምር እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ለሰማይ ፍጡር የራራው ካሜራ ናይጄሪያውያንን ወሮበላና ጥንቆላ አምላኪ አድርጎ ያቀርባል። የናይጄሪያ የማስታወቂያ ሚኒስትር ዶራ አኩኚሊ ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች እንዲወርድ መጠየቃቸው የሚያስወቅሳቸው አይመስለኝም። ከሩቅ ሰማይ ለመጣው ማዘን ከጎረቤት አገር ለመጣው ከማዘን ይቀላል። እኛም ብንሆን ንጹሐን አይደለንም፤ «መጤ» የምትለዋ ቃል በአገራችን በዚህ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንቱን ከተወለደበት ቀዬ እንዳስነሣች ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። አምስት ቃላት አሉን ብዬ ከላይ ስኩራራ ስድስተኛዋን ሆን ብዬ ዘልያታለሁ።

የሕጉ ቃል ግን ቦታውን አልለቀቀም። ካርዱ በ1990ዎቹ መጨረሻ ስሙ ተለውጦ «የቋሚ ነዋሪ ካርድ» ተባለ፤ በ2021 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች «ኤልየን» የሚለውን ትተው «ዜጋ ያልሆነ» እንዲሉ ታዘዙ፤ በ2025 ወደ ቀድሞው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የ1798ቱ የጠላት ኤልየኖች ሕግ ከመደርደሪያ ወርዶ በቬኔዙዌላ ተወላጆች ላይ ሲሠራበት አዋጁ ምክንያት ያደረገው «ወረራ» ነው። ሁለቱ የፊልም ቃላት በአንድ የመንግሥት ወረቀት ላይ ተገናኙ።

በ2015 የስፔኑ ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ያዘጋጀው «ክራምስ»፣ ፍርፋሪ ማለት ነው፣ ወረራው ካለፈ በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳያል። ዓለም ጠፍታለች፤ የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ይሸጣል፤ የዛገች የሰማይ መርከብ ለዓመታት ተንጠልጥላ ትታያለች። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ቆሻሻ ለቃሚ እኔ ከሌላ ፕላኔት የመጣሁ ነኝ ብሎ ያምናል። ሰላም ተስፋዬ የምትጫወተው ፍቅረኛው አጠገቡ ሆና ትጠብቀዋለች። መርከቧ አንድ ቀን መንቀሳቀስ ስትጀምር እርሱ ጓዙን ይዞ፣ በኢትዮጵያ ምድር ላይ፣ ወደ አገሩ የሚወስደውን መንገድ ሊፈልግ ይነሣል።