ከጌታ እራት በኋላ አንድ መዝሙር

ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናችን ስለ አምልኮ ክርክር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ስለ መዝሙር ነው። አንዱ "እነዚያ የድሮ መዝሙሮች የት ሄዱ?" ይላል፤ ሌላው ኪቦርድና ድራም ከሌለ አምልኮው የቀዘቀዘ ይመስለዋል። በሁለቱም ወገን ያለን ግን አንድ ነገር ሳንጠይቅ እንቀበላለን፤ ጉባኤው ተነሥቶ በአንድ ድምፅ መዘመሩን። በእምነት ከቀደሙን መካከል ይህንኑ እንደ አደገኛ አዲስ ነገር ያዩ፣ ስለ እርሱም ወንድሞቻቸውን ጥለው የወጡ ነበሩ።

ታሪኩ የሚገኘው በለንደን ከተማ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው ሆርስሊዳውን በሚባል ሰፈር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ የነበረችው አነስተኛ የባፕቲስት ጉባኤ መጋቢ ቤንጃሚን ኪች ይባላል። ወደ ለንደን የመጣው በ1668 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ1664 ለልጆች በጻፈው የትምህርት መጽሐፍ ምክንያት ተከስሶ አንገቱና እጆቹ በእንጨት ተይዘው በገበያ አደባባይ ቆሟል፤ መጽሐፉም በፊቱ ተቃጥሏል። ስለ እምነቱ ዋጋ የከፈለ ሰው እንጂ አዲስ ነገር የሚያሳድድ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዘመን ከባፕቲስቶች ብዙዎቹ በጉባኤ አይዘምሩም ነበር። ምክንያታቸውን ሳናውቅ ብንፈርድባቸው እንበድላቸዋለን። በ1662 የወጣው ሕግ የእንግሊዝ አገልጋዮች ሁሉ በመንግሥት በጸደቀው የጸሎት መጽሐፍ እንዲያመልኩ ያስገድድ ነበር፤ በዚያ ጊዜ እሺ ባለማለታቸው ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ አገልጋዮች ቦታቸውን አጥተዋል። እንግዲህ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን ቃል ማንበብ ለእነዚህ ምእመናን የስደት ሽታ ነበረው። መዝሙርስ ሌላ ሰው የጻፈው ጸሎት በዜማ አይደለምን? ብለው ጠየቁ። ደግሞም በጉባኤው ውስጥ ያላመኑ ሰዎች አሉ፤ አብረው ቢዘምሩ በአፋቸው ውሸት ማኖር አይሆንምን? ሴቶች በጉባኤ ዝም ይበሉ የሚለውን የጳውሎስን ቃልስ ምን እናድርገው? በዚህ ሁሉ ላይ ስብሰባቸው በሕግ የተከለከለ ነበር፤ የዝማሬ ድምፅ ከመንገድ ከተሰማ ወታደር ይመጣል። በደርግ ዘመን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዘመሩ አባቶችና እናቶች ይህን የመጨረሻውን ምክንያት ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

ኪች ግን ማቴዎስ 26፥30ን አልፎ መሄድ አልቻለም። ጌታችን ከመጨረሻው እራት በኋላ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ዘምሮ ወደ ደብረ ዘይት ወጣ ይላልና። ስለዚህ በ1673 ገደማ የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ከጌታ እራት በኋላ አንድ መዝሙር። ሌላው የአምልኮ ሥርዓት ሁሉ እንደ ነበረ ቀጠለ። ስድስት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ በምስጋና ቀናትም መዘመር ጀመሩ። በየእሑዱ ለመዘመር ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ጠበቁ፤ ከመጀመሪያው መዝሙር አንሥቶ ሲቆጠር ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ መሪ አዲስ ነገር ለማስገባት ሦስት ወር ሲጠብቅ ትዕግሥቱ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል።

በየእሑዱ እንዲዘመር ሲወሰን ደግሞ የተደረገ አንድ ዝግጅት አለ፤ ከታሪኩ ሁሉ እኛን የሚያቆመን ይህ ነው። መዝሙሩ ስብከቱም ጸሎቱም ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻ እንዲሆን ተደረገ። ሕሊናው የማይፈቅድለት ሰው ከመዝሙሩ በፊት ተነሥቶ ሊወጣ ይችላል፤ ማንም አይነቅፈውም፤ ኅብረቱም አይነካበትም። ኪች መዘመር የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው ብሎ በሙሉ ልቡ ያምን ነበር። ትእዛዝ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ለማይታዘዘው ወንድሙ በር ክፍት ሲተው ማየት ያልተለመደ ነገር ነው፤ ጳውሎስ በሮሜ 14 ስለሚበላና ስለማይበላ ሰው የጻፈውን ያስታውሰናል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሰላም አልወረደም። በ1690 አይዛክ ማርሎው የተባለ ሰው የጉባኤ ዝማሬን የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ፤ በኤፌሶን 5 የተጻፈው ዝማሬ የልብ ነው፣ የአፍ አይደለም የሚል ነው። ኪች በ1691 በረጅም መጽሐፍ መለሰለት፤ በዚያው ዓመት ራሱ የጻፋቸውን መዝሙሮችም በብዛት አሳተመ። (እውነቱን ለመናገር ግጥሞቹ ደካሞች ናቸው፤ ዛሬ የሚዘምራቸው የለም ማለት ይቻላል። ለእንግሊዝኛ መዝሙር ጉልበት የሰጠው ከእርሱ በኋላ በ1707 መዝሙሮቹን ያሳተመው አይዛክ ዋትስ ነው።) ከዚያ በኋላ መልስ፣ የመልስ መልስ። በ1689 የወጣውን የእምነት መግለጫ አብረው የፈረሙት ዊልያም ኪፊን እና ሃንሰርድ ኖሊስ እንኳ በሁለት ወገን ቆሙ። ቃላቱ በጣም ከመክረራቸው የተነሣ በ1692 የአብያተ ክርስቲያናቱ ጉባኤ ሁለቱንም ወገን ገሥጾ መጻጻፉን እንዲያቆሙ አደረገ። ለሃያ ዓመት በር ክፍት ትቶ የኖረ ሰው ብዕር ሲይዝ ያን ትዕግሥት ማጣቱ ያሳዝናል፤ ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ አምልኮ የሚጻፈውን ላየ ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

ከሆርስሊዳውን ሃያ የሚሆኑ ምእመናን ወጡ። ሜዝ ፖንድ በሚባል ስፍራም መዝሙር የሌለባት ጉባኤ መሠረቱ። ያች ጉባኤ ከአርባ ዓመት በላይ ያለ ዝማሬ አመለከች። በመጨረሻ አዲስ መጋቢ ስትጠራ እርሱ ጉባኤው ካልዘመረ አልመጣም አለ፤ እነርሱም ተስማሙና ዘመሩ። መሥራቾቹ ስለ መዝሙር ትተዋቸው የወጡት ወንድሞች ቤት ከዚያ የራቀ አልነበረም።

የኪች ጉባኤ ደግሞ አደገች። ከእርሱ በኋላ ጆን ጊል፣ ከዚያም በ1787 ታዋቂ የመዝሙር መጽሐፍ ያሳተመው ጆን ሪፖን በዚያች ቤተ ክርስቲያን አገለገሉ። በ1854 መድረኩን የተረከበው ቻርልስ ስፐርጀን ሲሆን፣ በ1861 ሜትሮፖሊታን ታበርናክል የተባለው ትልቅ አዳራሽ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ መዘመር ማንንም የማያስደነግጥ የቆየ ልማድ ሆኗል። አዲሱ ጥያቄ ኦርጋን ነበረ፤ በከተማው ያሉ አብያተ ክርስቲያናት እያስገቡ ነበር። ስፐርጀን ለጉባኤው በ1866 የመዝሙር መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ሆኖ ሳለ ኦርጋን አላስገባም። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአዳራሹ ተሰብስቦ፣ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ዜማውን ያነሣላቸው ነበር፤ እነርሱም በድምፃቸው ብቻ ይቀበሉት ነበር።