የመጋቢት ዕጣ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና አንድ ነገር ላውጋችሁ። ነገሩ የደረሰው በእህቴ ልጅ ላይ ነው፤ አገሩ ቨርጂኒያ፣ ከተማው ሪችመንድ፣ ዘመኑ በፈረንጆቹ 2023፣ ወሩ ማርች፣ በእኛ የካቲት አልቆ መጋቢት ሲጠባ። ልጁ ደሴ ተወልዶ፣ እዚህ መጥቶ የኮምፒውተር ሙያ ተምሮ፣ ከተመረቀም በኋላ በተማሪ ቪዛው ላይ የምትሰጠውን የሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ ይዞ አንዲት አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ያቺ ፈቃድ ሳታልቅበት ኤች ዋን ቢ የሚባለውን የባለሙያ ቪዛ ካላገኘ፣ ወይ ተመልሶ ትምህርት ቤት መግባት ነው፣ ወይ ሻንጣ ማሰር ነው።

ቪዛው ደግሞ በዕጣ ነው። በዓመት 65,000፣ እዚሁ አገር ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩት ሌላ 20,000። ዩኒቨርሲቲዎችና አንዳንድ የምርምር ተቋማት ከዚህ ገደብ ውጭ ናቸው፤ የቀረው ቀጣሪ ሁሉ ግን ማርች ሲመጣ የሚፈልገውን ሰው ስም በኢንተርኔት ያስመዘግብና ዕጣውን ይጠብቃል። ልብ በሉልኝ፣ ስሙን የሚያስገባው ቀጣሪው ነው፤ ሠራተኛው በራሱ ስም ማስገባት አይችልም። መመዝገቢያውም ያኔ 10 ዶላር ብቻ ነበር።

በዚያ ወር አንድ ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቼ፣ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ታች ወረድኩ። ካፊያው አላቋርጥ ብሎ፣ መጥረጊያው ከመስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንጀራውና የምስር ወጡ በፎጣ ተጠቅልለው፣ ጾምም ስለነበር ሌላ ነገር ሳልይዝ፣ እንዲሁ ስለ ልጁ እያሰብኩ ከቤታቸው ደረስኩ። ቤቱን የሚጋራው የሕንዷ ሃይደራባድ ልጅ ነበር። በሩን ከፍቶ፣ ሁለት እጁን አጋጥሞ፣ «አንክል» ብሎ ተቀበለኝ፤ በአገራቸው ታላቅን እንዲህ ነው የሚጠሩት። እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን፤ ምስሩን ሲጎርስ የእናቱን ቤት እንዳስታወሰው ነገረኝ።

ከዚያም ወሬው ወደ ዕጣው ዞረ። የሃይደራባዱ ልጅ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «አንክል፣ የኔ ስም በአምስት ድርጅት ገብቷል» አለ። ሠራተኛ እያከራየ የሚኖር አንድ ሰው አለ፤ እሱ ነው ያስገባለት። ድርጅቶቹ በስም አምስት ናቸው፤ ሥራው ግን በአምስቱም ቤት የለም። ቀጥሎም ወደ እህቴ ልጅ ዞሮ፣ «ላንተም ያስገባልሃል፤ ዛሬ ልደውልለት?» አለው። ክፋት ብሎ አይደለም፤ ጓደኛው ብቻውን እንዳይቀር ፈርቶ ነው። የእህቴ ልጅም መልስ ሳይሰጥ ቀና ብሎ አየኝ።

እኔ እዚህ አገር የገባሁት በ1999 በዲቪ ነው። ዲቪ በአንድ ዓመት ሁለቴ የሞላ ሰው ከጨዋታው እንደሚወጣ ከናንተ መካከል የማያውቅ የለም። በእሑዱ ዕቁባችንም ሁለት ዕጣ የያዘ ሰው ሁለት እጥፍ ይጥላል፤ ሳይጥል ስሙን ደጋግሞ ከዕጣው ቢከት፣ ዳኛው ፊት ማን ይቆምለታል? ሁለትና ሦስት ቀጣሪ አንድን ሰው ከልባቸው ቢፈልጉት፣ እያንዳንዳቸውም ቢያስመዘግቡት ነውር የለበትም፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ነውሩ የሌለን ሥራ አለ ማለት ነው። እናም፣ «ልጄ፣ ያንተ ቀጣሪ አንድ ነው፣ እውነተኛ ነው፤ በእሱ ቆይ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ።

ወሩ አለቀ። የሃይደራባዱ ልጅ ዕጣው ወጣለት፤ የእህቴ ልጅ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምክሬ ቆጨኝ። እህቴ ከደሴ ስትደውል ስልኩን ለማንሣት እጄ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ቁጥሩን ያወጣው። በዚያ ማርች ተቀባይነት ካገኘው 758,994 ምዝገባ ውስጥ 408,891ዱ ስማቸው ከአንድ በላይ በሆነ ቀጣሪ የገባ ሰዎች ምዝገባ ነበር። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የልጄ አንዲት ወረቀት በዚያ ክምር ውስጥ ነበረች። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም እየተመሳጠሩ ያስመዘገቡትን መመርመር ጀመረ፤ የሃይደራባዱ ልጅ ማመልከቻም ሥራው የታለ ተብሎ ተጠየቀ፤ መልስ የሚሰጥለት አልተገኘም፤ ተከለከለ። አከራዩ ሰውዬም ስልኩን ዘጋ።

በዚያው ዓመት በመጸው፣ ቅጠሉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ፣ የሃይደራባዱን ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ እኔው በመኪናዬ ደለስ አየር ማረፊያ አደረስኩት። መንገዱን ሙሉ ማንም ቃል አልተነፈሰም። የሩዝ መቀቀያውን ለእህቴ ልጅ ትቶለት ነበር፤ እኔም እህቴ የላከችውን በርበሬ ከፍዬ በትንሽ ፌስታል ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ እግሬን ነካ፤ ቀና አድርጌ ሳምኩት።

ከዚያም 2024 ገባ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ዕጣው ከእንግዲህ በወረቀት ሳይሆን በሰው ይሁን ተባለ። በዚያ ደንብ አንድ ሰው በአንድ ፓስፖርት ቁጥር አንዴ ይቆጠር ነበር፤ ያስመዘገቡት ቀጣሪዎች አንድም ይሁኑ ዐሥር፣ ስሙ ከዕጣው የሚገባው አንዴ ነበር፤ ከወጣለት ግን ለሁሉም ይነገራቸው፣ እሱም ይመርጥ ነበር። እናንተዬ፣ ምን ሆነ መሰላችሁ? ምዝገባው ወደ 470,342 ወረደ። ሰዉ ግን አልቀነሰም ማለት ይቻላል፤ በ2023 ወደ 446,000፣ በ2024 ወደ 442,000። የጎደለው ወረቀቱ ነበር።

የእህቴን ልጅ በዚያ ዓመት ሌላ ድርጅት ደግሞ ሥራውን አይቶ ፈልጎት ነበር፤ ሁለቱም፣ በእውነት፣ በየፊናቸው አስመዘገቡት። የመጨረሻው ዕድሉ ነበር፤ ፈቃዱ በዚያው ክረምት ያልቅ ነበር። ማርች ሲገባደድ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተደወለለት። አዲሱ ድርጅት ደመወዙ የተሻለ ነበር፤ እሱ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ሲያስገባለት የኖረውን መረጠ።

በዚያ ማታ ምስር ይዤ ሄድኩ። በላን፤ እህቴ ደሴ ላይ እልል ስትል በስልክ ሰማን። ከዚያም ሳህኑን አንሥቶ፣ እጁን አድርቆ፣ ሰዓቱን አየ። በእኛ ሁለት ሰዓት ከምሽቱ ነበር፤ ሃይደራባድ ሊነጋ ነው። «ተኝቶ ይሆን፣ ጋሼ?» አለኝ። «ደውልለት» አልኩት። ሁለቴ ጠርቶ ተነሣ፤ ከወዲያ በኩል የአውራ ዶሮ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ልጁም የጓደኛውን ስም ከመጥራቱ በፊት፣ «ወጣልህ?» አለ።