የሥነ ምድር ትምህርትና ከደጅ የቆዩት ወጣቶች

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻው በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ይሁን እንጂ፣ ንዝረቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ አዲስ አበባን ደጋግሞ ነቅንቋል። የካቲት 7 ቀን የደረሰው መጠኑ 6 ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ወጣ። በዋና ከተማዪቱም፣ በተለይ በልደታ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው ጌጃ ሰፈር ቤት ከቤት ተያይዞ በሚኖርባቸው ነባር መንደሮች፣ ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መሬት ለምን ትንቀጠቀጣለች? ከዚህ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው ሌላው ጥያቄ ግን እምብዛም አልተነሣም። ይህን የሚመረምረው ማን ነው? ከጌጃ ሰፈር የተነሣ ልጅ፣ ይልቁንም ሴት ልጅ፣ ከመርማሪዎቹ ጎን የምትቆመው በየትኛው መንገድ ነው?

የሥነ ምድር ጉዳይ ለሰፈሩ ባዕድ ሊባል አይችልም። የከተማው ልጅ በየቀኑ የሚረግጠው ኮብልስቶን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረበ ነው። የአሮጌዎቹ ቤቶች መሠረት የተነጠፈበትም ድንጋይ ከዚያው ወገን ነው። ከከተማዪቱ በስተምዕራብ የሚታየው ወጨጫ ከብዙ ዘመን በፊት የበረደ እሳተ ገሞራ ነው። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ሜዳው ያወረዳቸውና አዲስ አበባን ያስቆረቆረው ፍል ውሃም የሚፈልቀው ምድሪቱ በተሰነጠቀችበት መስመር ላይ ነው። ይህን ሁሉ ሳያውቁ በላዩ ማደግ ግን ይቻላል፤ አብዛኛውም ሰው እንዲሁ አድጓል።

ሥነ ምድር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከውጭ አገር ሰው ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ዊሊያም ብላንፎርድ ጦሩ ባለፈበት መንገድ ያያቸውን ዐለቶች መዝግቦ ሄደ። ከእርሱ በኋላም መዶሻና ኮምፓስ ይዘው የመጡት ለረጅም ጊዜ አውሮፓውያን ነበሩ። ነገሩ መልክ የያዘው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958፣ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ከተማዪቱ ለዚህ ተግባር የተስማማችው ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉም መሣሪያው ከመግነጢስ ይልቅ ለሌላ ነገር ተፈለገ። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ መጀቴን አፈረሰ፤ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ወደመ፣ የሰውም ሕይወት ጠፋ።

ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1976 የአገሪቱን የመንቀጥቀጥ ሥጋት ቀጠናዎች በካርታ ለይተው አወጡ። በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ዕውቀት ወደ ሕንፃ ደንብ ገባ። ደንቡን የሚማሩት ወጣቶች ካሉባቸው ቦታዎች አንዱም ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመውና ሕዝቡ ሕንፃ ኮሌጅ ብሎ የሚጠራው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተተከለው እዚያው ልደታ ነው። የጌጃ ሰፈር ልጆች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ፣ መሬቱ ቢናወጥ ግድግዳው እንዴት እንደሚቆም ከአጥሩ ወዲያ ይሰላል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ኦብዘርቫቶሪው በአንድ መነኩሴ ትጋት ቢጀመርም በእርሳቸው አላበቃም፤ ከእርሳቸው በኋላ ዶክተር ላእከ ማርያም አስፋውን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ተረክበውታል። በሌላው የሙያ ዘርፍ ግን ርክክቡ ዘገየ። የኢትዮጵያን ሥነ ምድር ጠቅልሎ ያቀረበው እ.ኤ.አ. የ1962ቱ መጽሐፍ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ያስተምር የነበረው የእንግሊዛዊው የፖል ሞር ሥራ ነበር። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ የወጣው ጠቅላላ የሥነ ምድር ካርታም የሚታወቀው በሶቪየቱ ባለሙያ በካዝሚን ስም ነው። ሁለቱም ለአገሪቱ ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ ቅሬታው በእነርሱ ላይ አይደለም።

የመዘግየቱ ዋጋ ከሁሉ ይበልጥ የታየው በአፋር ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ በሐዳር ስትገኝ ያገኟት የውጭ አገር ተመራማሪዎች ነበሩ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ሰላም የተባለችው ሕፃን በዲኪካ ስትገኝ የቡድኑ መሪ በአክሱም ተወልዶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የተማረው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነበር። በሁለቱ መካከል ያሉት 26 ዓመታት የአንድ ትምህርት ክፍል ፍሬ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም በየካቲት 2008 ዓ.ም. በወራንሶ ሚሌ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን የራስ ቅል የላይኛ መንጋጋ መጀመሪያ ያየው ዓሊ በሪኖ የተባለ የአካባቢው አርብቶ አደር ነበር። ዐይኑ የሠለጠነ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን አልነበረም። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ የዓለም ሊቃውንት ወደ አፋር መመላለስ ከጀመሩ አርባ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

የሴቶች ነገር ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፍሎረንስ ባስኮም በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ወንዶቹን እንዳታውክ ተብሎ ከመጋረጃ ኋላ ትቀመጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1893 የዶክትሬት ማዕረግዋን ይዛ ወጣች። ማሪ ታርፕ ሴት በምርምር መርከብ አትሳፈርም በተባለበት ዘመን፣ ብሩስ ሂዘንና ሌሎች ከባሕር ያመጡትን ልኬት ቢሮ ተቀምጣ ወደ ካርታ ስትለውጥ በአትላንቲክ ወለል መካከል የሚሄድ ስንጥቅ አገኘች። ሂዘን መጀመሪያ አላመናትም። በኋላ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸው ነጥቦች በዚያው ስንጥቅ ላይ መሰለፋቸው ታየ፤ መስመሩም በባሕር ሳይወሰን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የሚቀጥል ሆነ። አዲስ አበባን የሚነቀንቀው ስምጥ ሸለቆ የዓለም ሰንሰለት አካል መሆኑን ካሳዩት አንዷ እንግዲህ መርከብ የተከለከለች ሴት ናት።

በእኛ አገር መርከብ የለም፤ መስክ አለ። ወላጅ የሚያነሣው ክርክርም ይታወቃል፤ ሴት ልጅ ከድንኳን አታድርም፣ ገጠር ለገጠር ድንጋይ ስትቀጠቅጥ አትውልም። ታሪክ ግን ለዚህ ክርክር አይመሰክርም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ከወንዶቹ ጋር ወደ ገጠር ወርደዋል፤ መከራውንም አብረው ተካፍለዋል። ዘመቻው በሌላ ብዙ ነገር ሊተች ይችላል። በዚህ ረገድ ግን የሚቀርበውን ምክንያት አስቀድሞ አፍርሶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ፈቀደ፤ በዩኒቨርሲቲ መግቢያም የተለየ ነጥብ ተወሰነላቸው። የመግቢያ ነጥብ ግን በር ይከፍታል እንጂ መስክ ላይ ድንኳን አይተክልም፤ የተለየ መጸዳጃና አስተማማኝ መኪናም አያቀርብም።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው እንቅፋት ከዚህም በፊት የሚገኝ ነው። ስለ ተራራ፣ ስለ ወንዝና ስለ ስምጥ ሸለቆ ተማሪው የሚሰማው ከጂኦግራፊ መምህሩ ነው። ጂኦግራፊ ደግሞ ለረጅም ዓመታት በመሰናዶ ክፍል የተመደበው በማኅበራዊ ሳይንስ ነው። ጂኦሎጂ የሚቀበለው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪን ነው። ስለዚህ መሬትን የወደደ ልጅ ፍቅሩን ተከትሎ ቢሄድ ከሙያው ይርቃል፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የመረጠው ደግሞ ከሕክምናና ከምሕንድስና ቀጥሎ ጂኦሎጂ የሚባል ትምህርት መኖሩን የሚሰማው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምደባ ሲወጣ ነው። ልጁ በትውልዱ ወይም በችሎታው ሳይሆን በመዋቅሩ ይቀራል። የተማሩ ወላጆች ያሉት ይህን አስቀድሞ ይሰማል፤ የጌጃ ሰፈር ልጅ የሚነግረው ላይኖር ይችላል። በሩም ይበልጥ ጠቧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የሙያው ሰዎች ይህን ወንፊት ብቻቸውን አይለውጡትም። ወንፊቱ ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ፣ ማለትም 8ኛና 9ኛ ክፍል፣ ግን የመንግሥትን ፈቃድ ያን ያህል አይጠይቅም። ከጌጃ ሰፈር ተነሥቶ ፍል ውሃን አይቶ፣ በአራት ኪሎ የንዝረት መዝገቡን ተመልክቶ፣ በመመለሻው ላይ የሕንፃ ኮሌጁን ቤተ ሙከራ መጎብኘት በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። የሚያስፈልገው አንድ አውቶቡስ፣ ጥቂት መዶሻና ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ባለሙያ ነው፤ ባለሙያዋ ሴት ብትሆን ደግሞ ከተከተሏት ልጃገረዶች አንዳንዶቹ ለወላጆቻቸው የሚነግሩት ነገር ያገኛሉ።