«ስፔስዋር»፦ የአንድ አማተር ጨዋታ ብርታትና ጉድለት በታሪክ ሚዛን



ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ርእስ ለታሪክ መድረክ ቀላል መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ሁለት መንኮራኩሮች በአንድ ኮከብ ዙሪያ እየዞሩ የሚተኳኮሱበት «ስፔስዋር» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በ1962 ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ለጨዋታ በቃ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርእሱን እንድመርጥ ያደረገኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ በገዛ እጁ የሠራውን ተመሳሳይ ጨዋታ እንድመለከትለት አምጥቶልኝ ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ «አዲስ ነገር የለበትም» ብዬ መለስሁለት። ያ ፍርድ ትክክል እንዳልነበረ የተረዳሁት የስፔስዋርን ታሪክ በቅጡ ከመረመርሁ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፤ የአማተርን ሥራ በምን ሚዛን እንመዝነው?

አስቀድመን መሣሪያውን እንይ። ፒ.ዲ.ፒ.-1 የተባለውን ኮምፒውተር ለተቋሙ የሰጠው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ነው፤ ጊዜውም 1961 ነበር። የማሽኑ ዋጋ 120,000 ዶላር ያህል ሲሆን፣ መሠረታዊ የማስታወሻ አቅሙ ግን እያንዳንዳቸው 18 ቢት የሆኑ 4,096 ቃላት ብቻ ነበሩ። ክቡ ስክሪን ሥዕልን የሚሥለው ነጥብ በነጥብ ነው፤ በሰከንድ 20,000 ያህል ነጥብ ቢያበራ ነው። ስለዚህ ለኮከብ የወጣ ነጥብ ለመንኮራኩር አይተርፍም። የጨዋታው ታሪክ በአንድ በኩል የቁጠባ ታሪክ ነው።

ሐሳቡን ያፈለቁት የኢ. ኢ. ስሚዝን የሕዋ ልብ ወለዶች የሚወዱ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ጨዋታውን እንዲሠሩ ያዘዛቸውም ሆነ ለዚህ የከፈላቸው አልነበረም። ፕሮግራሙን የጻፈው ስቲቭ ራስል ሥራውን ለመጀመር ሲያመነታ፣ የሳይንና የኮሳይን ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም እንደሌለው ምክንያት አቀረበ። አለን ኮቶክ ወደ ኩባንያው ሄዶ የተፈለገውን ይዞ መጣ፤ ሰበቡም በዚያው አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት ሰጪ ነው። ራስል በስክሪኑ ላይ እንዲያው በዘፈቀደ ነጥቦችን በትኖ ነበር፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ መንኮራኩር እንቅስቃሴ የሚለየው ከበስተኋላው ቋሚ ነገር ሲኖር ነውና። ፒተር ሳምሰን በዚህ አልረካም፤ እውነተኛውን የሰማይ ካርታ በፕሮግራም አስገባ። ዳን ኤድዋርድስ በመካከል የምትገኘውን ኮከብና የስበት ኃይሏን ጨመረ። ማርቲን ግሬትዝ ተጫዋቹ በጭንቅ ጊዜ ተሰውሮ በሌላ ስፍራ ድንገት ብቅ የሚልበትን «ሃይፐርስፔስ» አመጣ፤ ይህን የሚያዘወትር ግን የመፈንዳት አደጋው ይጨምርበታል። በኮምፒውተሩ ማብሪያና ማጥፊያዎች መጫወት ክርን ስለሚያሳምምና ለአንደኛው ወገን ስለሚያደላ፣ ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ ለየተጫዋቹ የተለየ የእጅ መቆጣጠሪያ ሠሩ።

ብርታቱ ምን ነበር? እንደ እኔ አመለካከት፣ ዋነኛው ብርታት ስበት ነው። ስበት ባይኖር ጨዋታው የተኩስ ፍጥነት ውድድር ብቻ በሆነ ነበር። ኮከቢቱ በመካከል ስትቆም ግን ተጫዋቹ ከባላጋራው በተጨማሪ የተፈጥሮን ሕግ መቋቋም ግድ ሆነበት፤ የበሰለው ተጫዋች ደግሞ ያንኑ ሕግ ተጠቅሞ ነዳጅ ሳያባክን ፍጥነት ያገኛል። ጥቂት ደንቦች ብዙ ብልሃት ወለዱ።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ድምፅ የለውም። ሁለተኛ ሰው ካልተገኘ መጫወት አይቻልም። ጀማሪው ገና መሪውን ሳይለምድ በኮከቢቱ ተስቦ ይጠፋል። ስበቱ መንኮራኩሮችን ሲስብ ቶርፔዶዎቹን አይነካም፤ የሁሉንም ጉዞ በስበት ለማስላት የማሽኑ ጊዜ አልበቃምና። ሠሪዎቹም ቶርፔዶዎቹን የብርሃን ናቸው በማለት ጉድለቱን በልብ ወለድ ሸፈኑት። የማሽን ጊዜ ዋጋ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሰነድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ላቅርብ። በ1971 ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ ከስፔስዋር ተነሥተው «ኮምፒውተር ስፔስ» የተባለ፣ በሳንቲም የሚሠራ ጨዋታ ለገበያ አዘጋጁ። አንድ ሰው ብቻውን ከማሽኑ ጋር እንዲጫወት አደረጉ፤ የባላጋራ ማጣት ችግር ተፈታ። ነገር ግን መሣሪያው ርካሽ መሆን ስለነበረበት ኮከቢቱና ስበቷ ቀሩ። በዚያው ዓመት በስታንፎርድ ቢል ፒትስና ሂዩ ታክ ያቀረቡት «ጋላክሲ ጌም» ስበቱን ጠበቀ፤ ይሁን እንጂ በውድ ኮምፒውተር ስለሚሠራ በብዛት ሊባዛ አልቻለም። ስለዚህ የስፔስዋር ብርታትና ጉድለት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጨዋታው ስለ ትርፍ በማይጨነቁ፣ ውድ ማሽን በእጃቸው በነበረ፣ ባላጋራም አጠገባቸው በማያጡ ሰዎች ተሠራ። ጥልቀቱም ጠባብነቱም ከዚሁ መጣ።

የታሪክ ተማሪ ግን ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያው የምንጭ ጉዳይ ነው። ስለ አፈጣጠሩ የምናውቀው አብዛኛው ግሬትዝ በ1981 ከጻፈው ትዝታ የተገኘ ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ያለፈው ትዝታ ደግሞ ጨዋታ ያውቃል፣ ይዋባል። ደግነቱ ፕሮግራሙ ራሱ ተርፏል፤ ትዝታውን በሥራው ማመሳከር ይቻላል። ሁለተኛው የዕድል ጉዳይ ነው። የተሠሩት ፒ.ዲ.ፒ.-1 ኮምፒውተሮች በጠቅላላው ከ60 ያነሱ ነበሩ። ተመሳሳይ ተሰጥኦ ኖሮት ከማሽኑ አጠገብ ያልደረሰ ወጣት በታሪካችን ውስጥ ስም የለውም። «ፈር ቀዳጅ» የሚለውን ቃል ስንጠቀም ይህን ዝምታ መዘንጋት አይገባንም።

ስፔስዋር አልተሸጠም፤ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ እየተቀዳ ከተቋም ወደ ተቋም ተዛመተ፤ የደረሰው ሁሉ የየራሱን ጨመረበት። የ1979ኙ «አስትሮይድስ» ሃይፐርስፔስን የወረሰው ከዚህ ጅረት ነው። እንግዲህ የአማተር ሥራ ጉድለት ለሚቀጥለው ሰው የተተወ ሥራም ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሥራው ክፍት ሲሆንና ጉድለቱን አይቶ የሚያርም ባልደረባ ሲገኝ ነው። ሳምሰን የራስልን ኮከቦች ነቀፈ፤ ነቅፎም አልተወም፣ የተሻለ ሰማይ ሠራ።

ወደዚያ ተማሪ ልመለስ። ጨዋታው በእርግጥ አዲስ ላይሆን ይችላል። ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው ግን «ምን ቸገረህ? የትኛውን መርጠህ የትኛውን ተውህ?» የሚል ነበር። ሳልጠይቀው በመቅረቴ የእርሱን ሥራ ሳይሆን የእኔን ትዕግሥት ማነስ ብቻ መዘንሁ። እናንተ ነገ መምህራንና ገምጋሚዎች ስትሆኑ ጥያቄውን አስቀድሙ።