ስለ ቤተ እስራኤል ባለ እጆችና ስለ ጸሎት ቤታቸው ብረት

በጎንደርና በሰሜን አገር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከብዙ ዘመን ጀምሮ በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። የጎረቤታቸው የክርስቲያኑ ገበሬ ማረሻና ማጭድ ከእነርሱ ወናፍ ፊት ይወጣ ነበር። ለራሳቸው አምልኮ የሠሩት ብረት ግን እጅግ ጥቂት ነው። በሌላው ዓለም ምኵራቦች የሚታየውን የብር ዘውድ፣ የንባብ ማመልከቻ ዘንግና መቅረዝ በጎንደር ፈልጎ ያጣ ሰው ሥርዓቱን ድኻ ነው ይል ይሆናል፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው።

ምክንያቱ በመጀመሪያ ከመጽሐፉ ይነሣል። የብር ዘውዱ የተበጀው በእንጨት ዘንግ ላይ ለተጠቀለለ ብራና ነው። ቤተ እስራኤል ግን ኦሪትን በግእዝ ቋንቋ፣ ቅጠሉ በሚገለጥ ጥራዝ ይይዙ ስለ ነበር ዘውዱ የሚያርፍበት ስፍራ አልነበረም፤ በስግድ በዓልም ቄሶቹ መጽሐፉን በጨርቅ ሸፍነው ወደ ተራራ ያወጡት ነበር። ሁለተኛው ነገር እሳት ነው። ሰንበት ከመግባቱ አስቀድሞ በየቤቱ እሳት ይጠፋ ነበርና የሰንበት መብራት መያዣ አላስፈለገም። ሐኑካም በቀድሞ ሥርዓታቸው ስለማይከበር የእርሱ መቅረዝ አልታወቀም።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው በተለይ ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የፋሲካው መሥዋዕት የሚታረድበት ቢላዋና ቃጭል የሚሉት ጠፍጣፋ ብረት። ቃጭሉ ከነጋሪት ጋር እየተመታ የቄሶቹን ዜማ ያጅባል። የዚህ አገር የአይሁድ አምልኮ ብረት ለዓይን ጌጥ ሳይሆን ለጆሮ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያንን ቃጭል የቀጠቀጠ እጅ ግን በገበያ ይፈራ ነበር። ባለ እጁ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ምእተ ዓመት አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ስለ አዘዙ፣ መሬት ያጣው ወደ ወናፍ ዞረ። አንዳንዶች ጥላቻውን ከሃይማኖት ልዩነት ብቻ ያመጡታል። ነገር ግን ከዚያ እጅግ ርቆ በደቡብ ኦሞ፣ በጂንካ ዙሪያ፣ የአሪ ብረት ሠሪዎች ከአሪ ገበሬዎች ጋር በአንድ ቋንቋ እየተናገሩ በጋብቻ ይገለሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘር ጥናትም ሁለቱ ከአንድ ሕዝብ የወጡ መሆናቸውን አመልክቷል። እንግዲህ ወናፉ ራሱ ሰውን ያርቅ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በተደረጉት ዘመቻዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሻገሩ፣ የተጠቀለለው ብራና፣ የብር ጽዋውና መቅረዙ በዚያ ቈዩአቸው፤ ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ ገበሬ ግን አልነበረም።