ፓወር ስቲሪንግ የሌለው መኪና እና ፓወር ስቲሪንጉ የተነቀለ መኪና

ዛሬ ስለ መሪ ልጽፍላችሁ ነው። አትደንግጡ፣ ስለ መኪና መሪ ነው።

ዲላም ሆነ ሌላ ከተማ፣ ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ያወራ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማው አይቀርም። የመሪው ፖምፓ ዘይት ያፈሳል፤ ዕቃው ውድ ነው፤ አንዳንዴም ገበያ ላይ ጭራሽ የለም። ያኔ አንዱ ብድግ ይልና «ቺንጋውን ፍታው፣ ፖምፓውን አውርደውና ተገላገል! ላዳ መች ፓወር ስቲሪንግ ነበረው? ይኸው ስንት ዘመን ሰው ሲነዳው ኖረ!» ይላል።

የታሪክ ማስረጃ ተጠርቷልና ነገሩ እኛን የታሪክ ሰዎችንም ይመለከታል። ማስረጃው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አያስኬድም። ለምን እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጭነት መኪና በብዛት የጎረፈው ግን በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ከነዚያ መካከል አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634 አንዱ ነበር። ስሙ ላይ ያለችው «ኤን» ፊደል «ናፍታ» ለማለት ነች፤ የእኛም «ናፍጣ» ከዚያው ከጣሊያንኛው ቃል የመጣ ነው። ጣሊያን በ1933 ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱን ለጋራዦቻችን ትቶ ሄደ፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፎሌ። «መሪ» ግን አማርኛ እንደሆነ ቀረ።

የዚያ ዘመን ከባድ መኪና መሪ በጉልበት ብቻ የሚዞር ነበር። ሆኖም ሠሪዎቹ የሰው ክንድ ልኩ ስንት እንደሆነ ያውቁ ነበርና ሁሉን ነገር በዚያ ልክ ሠሩት። መሪው ሰፊ ነው፤ ሾፌሩ ሙሉ ክንዱንና ትከሻውን ይጠቀማል። ውስጥ ያለው ጥርስ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲያዞር የተሠራ ነው፤ ጎማው ትንሽ እንዲታጠፍ መሪው ብዙ መዞር አለበት። ሥራው ይረዝማል፣ ግን ይቀላል። ሾፌሩም የራሱን ዘዴ ያዳብራል። መኪናው ቆሞ ሳለ መሪ አያዞርም፤ ትንሽ ካንቀሳቀሰው በኋላ ነው የሚያዞረው። አውራ ጣቱንም መሪው ውስጥ አያስገባም። ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በኃይል ይመለስና ጣት ይሰብራላ! የድሮ ላንድሮቨር የነዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

አሁን የእኛን አገር መንገድ አስቡት። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ቡሌ ብትወጡ ደጋ ነው፤ ከይርጋ ጨፌ በወናጎ በኩል ወደ ዲላ ስትመጡ ደግሞ ቁልቁለትና ኩርባው ይበዛል። የጌዴኦ ቡና በዚህ መንገድ እየወረደ፣ ዲላ ላይ እየተሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ወደብ ሲጓዝ ኖሯል። ስለ ይርጋ ጨፌ ቡና ሲወራ ገበሬው፣ ለቃሚዋና ነጋዴው ይነሳሉ፤ ይገባቸዋልም። ጆንያውን በክረምት ጭቃ ያሳለፈው የሾፌሩ ክንድ ግን ማን ያነሳዋል?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። ፓወር ስቲሪንግን ለወግ ያበቃው ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ፒርስ አሮው በተባለው ፋብሪካ የጭነት መኪና ክፍል ይሠራ ስለነበር የከባድ መኪና መሪ ምን ያህል እንደሚያደክም በቅርብ ያይ ነበር። በዘይት ግፊት የሚያግዘውን መሪ እ.ኤ.አ. በ1926 ሠርቶ አሳየ። ፋብሪካዎቹ ግን ውድ ነው እያሉ አቆዩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ከዋለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ክራይስለር ኢምፔሪያል በሚባለው የቤት መኪና ላይ ለገበያ ወጣ።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። እገዛው ሲመጣ መኪናው ራሱ ተለወጠ። ዘይቱ ያግዛል ተብሎ መሪው ትንሽ ሆነ፣ ጥርሱ ፈጣን ሆነ፣ ጎማው ሰፋ፣ የፊት ክብደቱም ጨመረ። ላዳ ከፊያት 124 የተቀዳ፣ 1,000 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ጎማው ቀጭን መኪና ነው። ያለ እገዛ የሚነዳው ሲጀመር ያለ እገዛ እንዲነዳ ስለተሠራ ነው። የዘመኑን መኪና ፖምፓ ስትነቅሉለት ግን ላዳ አይሆንም። የፈጣን ጥርስ ሸክም በትንሽ መሪ፣ በባዶ ክንድ ትሸከማላችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ፒስተን አሁንም እዚያው አለ፤ መሪውን ባዞራችሁ ቁጥር የቀረውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ መግፋት አለባችሁ። ዘይቱ ካለቀ ደግሞ ውስጡ እየተበላ ይሄዳል።

ሌላም አለ። በብዙ መኪኖች አንዱ ቺንጋ የመሪውን ፖምፓ ብቻ ሳይሆን ዲናሞውን ወይም የውሃ ፖምፓውንም ያዞራል። ዝም ብሎ የቆረጠው ሰው ባትሪው ሲሞት ወይም ሞተሩ ሲግል ነው የሚነቃው።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚልም አለ። መሪው በጣም የሚከብደው እኮ ቀስ ሲባል ነው! ገበያ መሀል ባጃጅ ዘው ሲልባችሁ፣ ወይ ኩርባ ላይ ልጅ ሲሮጥ፣ በዚያች ቅጽበት መሪው እሺ ካላለ ምን ይደረጋል? ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ በፎሌ የሚወርድ ሾፌርም ሳያውቀው ፓወር ስቲሪንጉን ነቅሏል። ሞተሩ ካልዞረ ፖምፓው አይዞርም።

ምን ይሻላል ለምትሉ፦ መጀመሪያ ዘይቱ የሚያፈሰው ከየት እንደሆነ ይታይ። አንዳንዴ ጥፋቱ የቱቦ ወይም የኦይል ሲል ብቻ ነው። የግድ ይነቀል ከተባለ ደግሞ ለዚያው ሞዴል ያለ እገዛ የተሠራ ሙሉ የመሪ ጥርስ ካለ እሱን ማስገጠም ነው። ጭነት ለሚጭንና ሰው ለሚያሳፍር መኪና ግን ጭራሽ አይታሰብ።

«ድሮ እኮ ያለዚህ ይኖር ነበር» ሲባል የምትሰሙት ስለ መኪና ብቻ አይደለም። እውነት ነው፣ ይኖር ነበር። ግን ድሮ የሌለውን ነገር የሚተካ ሌላ ነገር ነበረው፦ ሰፊ መሪ፣ ዝግ ያለ ጥርስ፣ የሠለጠነ ክንድ። ያን ሁሉ ትቶ «አልነበረም» የምትለዋን ብቻ የሚመዝ ሰው ታሪክን ግማሹን ነው የጠቀሰው።

አባታችሁ ወይም አያታችሁ የዲላን መንገድ በድሮ መኪና የነዱ ከሆነ ዛሬውኑ አረፍ አድርጋችሁ ጠይቋቸው፤ ያሏችሁንም ጻፉልኝ። እነሱ ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ብዙ ታሪክ አለ።