የሕፃናት የኤርፖርት ደህንነት ፍተሻ፦ ከሀዋሳ ኤርፖርት ለሚጓዙ ቤተሰቦች የቀረበ ማብራሪያ

ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ አንድ ሰዓት የማይሞላ አጭር ጉዞ ነው። ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን ከበረራው ይልቅ የደህንነት ፍተሻው አድካሚ ሊሆን ይችላል። እናት የተኛ ሕፃኗን ከአንቀልባ እንድታወርድ ትጠየቃለች። የአምስት ዓመት ልጅ አሻንጉሊቱ ተወስዶ በማሽኑ ውስጥ ሲገባበት ያለቅሳል። አባትም «ሕፃን ልጅ ምን ይይዛል ተብሎ ነው?» በማለት ይቆጣል። ይህ ማብራሪያ ሕፃናት ለምን እንደሚፈተሹ፣ ፍተሻው እንዴት እንደሚከናወን፣ ወላጆች አስቀድመው ምን ማድረግ እንደሚገባቸውና ፍተሻው የልጁን ክብር ባልጠበቀ መንገድ ከተከናወነ ቅሬታ እንዴት እንደሚቀርብ ይገልጻል።

ሕፃናት ለምን ይፈተሻሉ?

የሲቪል አቪዬሽን ደህንነት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የተደነገጉት በ1944 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት አባሪ 17 ሲሆን፣ አባሪው የጸደቀው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል አገር ናት። በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት ማንኛውም የንግድ በረራ መንገደኛና የእጅ ሻንጣው ወደ አውሮፕላን ከመግባቱ በፊት መፈተሽ አለበት። መንገደኛው ሕፃን መሆኑ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርገውም።

የፍተሻው ዓላማ ሕፃኑን ወይም ቤተሰቡን መጠርጠር አይደለም። አደገኛ ነገር የያዘ ሰው ሁልጊዜ መያዙን ያውቃል ማለት አይቻልም። በሚያዝያ ወር 1986 እ.ኤ.አ. በለንደን ሂትሮው ኤርፖርት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ቴል አቪቭ ልትሳፈር ስትል በሻንጣዋ ውስጥ ፈንጂ ተገኝቷል። ፈንጂውን የደበቀው ልታገባው የነበረ ሰው ሲሆን፣ እርሷ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም። ያ ሻንጣ ሳይፈተሽ ቢያልፍ ኖሮ እርሷን፣ በማኅፀኗ ያለውን ፅንስና በአውሮፕላኑ የተሳፈሩትን ከ370 በላይ ሰዎች ለሞት ይዳርግ ነበር። ሕፃናት ከፍተሻ ነፃ ቢደረጉ ክፉ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች የሕፃን ልብስ፣ ጋሪ ወይም መጫወቻ መደበቂያ ለማድረግ መንገድ ይከፈትላቸዋል። ስለዚህ ሕፃኑን መፈተሽ ራሱን ሕፃኑን መሣሪያ ከመሆን መጠበቅ ነው።

ኢትዮጵያም የአቪዬሽን ደህንነት መጓደል የሚያስከትለውን ጉዳት ታውቀዋለች። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጁን ጨርሶ በኮሞሮስ ደሴቶች አቅራቢያ ባሕር ላይ በመውደቁ 125 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ፍተሻው እንዴት ይከናወናል?

በሀገራችን ኤርፖርቶች መንገደኞች በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ይፈተሻሉ። የመጀመሪያው በተርሚናሉ መግቢያ፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ መሳፈሪያ አዳራሽ ከመግባታቸው በፊት ነው። ከሀዋሳ ተነሥተው በአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት በኩል ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ቤተሰቦች በቦሌ እንደገና ይፈተሻሉ። ስለሆነም አንድ ሕፃን በአንድ ቀን ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ ሊፈተሽ እንደሚችል ወላጆች አስቀድመው ማወቅ ይገባቸዋል።

በፍተሻ ጣቢያው የሚከናወኑት ዋና ዋና ተግባራት የሚከተሉት ናቸው፦

1. ሻንጣ፣ ጃኬት፣ የሕፃን ጋሪ፣ አንቀልባና መጫወቻ በኤክስሬይ ማሽን ያልፋሉ። ሕፃኑ ከጋሪው ወይም ከአንቀልባው ይወርዳል። ሕፃንን በማንኛውም ሁኔታ በማሽኑ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ማስቀመጥ ፍጹም የተከለከለ ነው።

2. መራመድ የማይችል ሕፃን በወላጁ ክንድ ታቅፎ በብረት መመርመሪያው በር ያልፋል። በሩ ድምፅ ካሰማ ወላጁም ሕፃኑም ይፈተሻሉ።

3. በራሱ መራመድ የሚችል ልጅ ብቻውን በበሩ ያልፋል። አንደኛው ወላጅ አስቀድሞ አልፎ ከወዲያ ሆኖ ቢጠብቀው፣ ሌላው ከኋላው ቢቆም ልጁ አይደናገጥም። ወላጁ አንድ ብቻ ከሆነ ልጁን ከፊቱ አስቀድሞ ዓይኑን ሳይነቅል ይከተለዋል።

4. ድምፅ ከተሰማ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ወይም በእጅ ዳሰሳ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረጋል። ድምፁን የሚያስነሡት ብዙ ጊዜ ቀላል ነገሮች ናቸው፦ የቀበቶ ዘለበት፣ የብር መስቀል፣ አምባር፣ በብረት የተለበጠ ክታብ ወይም በኪስ የተረሳ ሳንቲም። ከክር ብቻ የተሠራ ማተብ ድምፅ አያስነሣም።

ወላጆችን የሚያሳስቡ ጉዳዮች

*ጨረር።* የብረት መመርመሪያው በር ኤክስሬይ አይጠቀምም። የሚሠራው ደካማ በሆነ መግነጢሳዊ መስክ ስለሆነ ለሕፃናትም ሆነ ለነፍሰ ጡር እናቶች አደጋ የለውም። ኤክስሬይ የሚያርፈው በሻንጣ ላይ ብቻ ነው። ወተት ወይም ምግብ በኤክስሬይ ማሽን ሲያልፍ በውስጡ ጨረር አይቀርም፤ ልጁ ያለ ስጋት ሊመገበው ይችላል።

*የእጅ ዳሰሳ።* ወላጆችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው ይህ ነው። በቤትና በትምህርት ቤት «የማታውቀው ሰው ሰውነትህን እንዳይነካህ» ተብሎ የተማረ ልጅ በወላጁ ፊት በማያውቀው ሰው ሲዳሰስ ግራ ይጋባል። በዚህ ረገድ የሚነሣ ቅሬታ በብዙ አገሮች አሠራር እስከማስቀየር ደርሷል። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ኤርፖርት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በእጅ ስትዳሰስ የሚያሳይ ቪዲዮ በይፋ ከተሰራጨ በኋላ ወላጆች በሰፊው ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት 12 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ጫማቸውን ሳያወልቁ እንዲያልፉና የእጅ ዳሰሳው እንዲቀንስ አድርጓል። ድምፅ ሲሰማ ልጁ በበሩ ደግሞ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ወይም እጁ በጨርቅ ተጠርጎ የፈንጂ ቅሪት መኖር አለመኖሩ ይመረመራል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የወላጆች ቅሬታ በሥርዓት ሲቀርብ ደህንነትን ሳያጓድል አሠራርን ሊያሻሽል እንደሚችል ነው።

*የመጠርጠር ስሜት።* አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ሲፈተሽ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። ይሁንና ወላጅ በቁጣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚፈራው ፈታሹ ሳይሆን ልጁ ነው። ሕፃን ልጅ አንድ ነገር አስጊ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው የእናት የአባቱን ፊት ተመልክቶ ነው። ወላጁ ተረጋግቶ ሲተባበር ልጁም ይረጋጋል፤ ፍተሻውም በአጭር ጊዜ ይጠናቀቃል። ጥያቄ ወይም ቅሬታ ያለው ወላጅ ልጁ ካለፈ በኋላ ለኃላፊ ቢያቀርብ የተሻለ ምላሽ ያገኛል።

የሕፃኑ ክብርና የወላጁ ድርሻ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው ሰውነቱ ከመመርመር የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በሕግ መሠረት ብቻ ነው። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች በሚወሰዱበት ጊዜ የሕፃናት ጥቅምና ደህንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ተመሳሳይ መርህ ይዟል። ስለዚህ የአቪዬሽን ደህንነት ፍተሻ ግዴታ ቢሆንም የአፈጻጸሙ ሥርዓት የልጁን ክብር የሚጠብቅ መሆን አለበት።

ወላጆች በትህትና የሚከተሉትን ሊጠይቁ ይችላሉ፦

- ልጁ በሚፈተሽበት ጊዜ ሁሉ አጠገቡ መሆን፤
- ሴት ልጅ በሴት ፈታሽ፣ ወንድ ልጅ በወንድ ፈታሽ እንዲፈተሹ፤
- የእጅ ዳሰሳ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚደረግ እንዲነገራቸው፤
- ልብስ ማላላት የሚያስፈልግ ከሆነ ፍተሻው ከሰው ዓይን በተከለለ ስፍራ እንዲከናወን፤
- ልጁ ካለቀሰ ለማረጋጋት ጥቂት ጊዜ እንዲሰጣቸው።

በሌላ በኩል ልጁን ከፍተሻ መሸሸግ፣ ሳይፈተሽ እንዲያልፍ መጠየቅ ወይም ፈታሹን ማወክ አይፈቀድም። ስለ ፈንጂ ወይም ስለ ጦር መሣሪያ በቀልድ መናገርም ከፍ ያለ ችግር ያስከትላል። ይህን በተለይ ለታዳጊ ልጆች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ልጅን ከቤት ማዘጋጀት

ልጅ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ብዙም አይፈራም። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት «ነገ በአንድ በር እናልፋለን፤ በሩ ጢጥ ሊል ይችላል። አሻንጉሊትህም በማሽን ውስጥ ገብቶ ከወዲያ ይመለስልሃል» ብሎ መንገር ይጠቅማል። ልጁ አማርኛ የማይሰማ ከሆነ ይህ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ ወይም በቤቱ በሚነገረው ቋንቋ ይነገረው። ፈታሹ የሚናገረውንም ወላጁ ይተርጉምለት።

ስለ ሰውነት ክብር የተማረውን ትምህርት እንዳያፈርስም ልዩነቱን ማስረዳት ተገቢ ነው። ይህ ፍተሻ በሰው ፊት፣ ወላጅ እያየ፣ የደንብ ልብስ በለበሰ ሠራተኛ የሚደረግ ነው፤ በምስጢር እንዲያዝም አይጠየቅም። ልጁ ደስ ያላለውን ነገር ሁሉ ለወላጁ ሊነግር እንደሚችል ይነገረው።

ስለ ዕቃዎች

- *ምግብና መጠጥ፦* በዓለም አቀፍ በረራዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ መያዝ በአጠቃላይ ይከለከላል። ለጉዞው የሚበቃ የሕፃን ወተትና ምግብ ግን በልዩ ሁኔታ ይፈቀዳል። ጡጦው፣ አጥሚቱ ወይም እርጎው ለብቻው ወጥቶ ለፈታሹ ይታይ።
- *መድኃኒት፦* ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዝ።
- *መጫወቻ፦* የጦር መሣሪያ የሚመስል መጫወቻ በእጅ ሻንጣ አይያዝ። መቀስና ስለት ያለው የትምህርት ቤት ዕቃም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ።
- *ባትሪ፦* ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል።
- *ልብስና ጌጣጌጥ፦* ልጁ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ብረት የሌለው ልብስ ይልበስ። የብረት ጌጣጌጥ ከቤት ሳይወጡ ቢወልቅ ይመረጣል።
- *አንቀልባ፦* ዛጎል፣ ዶቃና የብረት ዘለበት ያለው አንቀልባ ለብቻው ስለሚፈተሽ፣ እናት ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው አብሯት ቢኖር ይቀላታል።

ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች

ኦቲዝም ያለበት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ፣ የመስሚያ መርጃ የሚጠቀም ወይም በሰውነቱ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ የተተከለለት ልጅ ያላቸው ወላጆች ቲኬት ሲቆርጡ ለአየር መንገዱ ቢያሳውቁ፣ ፍተሻ ጣቢያው ሲደርሱም ለፈታሹ አስቀድመው ቢናገሩ ይመከራል። የሐኪም ማስረጃ መያዝ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። ድምፅና ግርግር የሚረብሸው ልጅ ካለ ወረፋው ሳይበዛ ቀደም ብሎ መድረስ ይጠቅማል።

የልጁ ሰነድ

የልጁን ማንነትና ከወላጁ ጋር ያለውን ዝምድና ለማስረዳት የልደት ምስክር ወረቀት መያዝ አስፈላጊ ነው። ልደት ሕፃኑ በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ በመኖሪያ አካባቢ በሚገኘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ልጁ ከአንድ ወላጅ ወይም ከዘመድ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ቤተሰቡ የሚጠየቀውን የስምምነት ሰነድ አስቀድሞ ከአየር መንገዱና ከኢሚግሬሽን አጣርቶ ይዘጋጅ።

ቅሬታ አቀራረብ

ፍተሻው የልጁን ክብር በሚነካ መንገድ ተከናውኗል ብሎ የሚያምን ወላጅ በመጀመሪያ በስፍራው ላለው የፈረቃ ኃላፊ ያመልክት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የበረራ ቁጥሩንና የተፈጸመውን ነገር በዚያው ዕለት በጽሑፍ መያዝ ጉዳዩን ለማጣራት ያግዛል። በፍተሻ ጣቢያ ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ከማንሣት መቆጠብ ይገባል።

በቦታው መፍትሔ ያላገኘ ወላጅ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ሁለቱም ተቋማት በሀዋሳ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ያላቸው ሲሆን፣ የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል የሥራ ዘርፍም አላቸው።

በአጠቃላይ ሕፃናት የሚፈተሹት የራሳቸውን፣ የቤተሰባቸውንና አብረዋቸው የሚበሩትን ሰዎች ሕይወት ለመጠበቅ ነው። ፈታሹ በትህትና ሲሠራና ወላጁ ልጁን አዘጋጅቶ፣ ሰነዱን አሟልቶ፣ በቂ ሰዓት ይዞ ሲመጣ ደህንነትም የልጁ ክብርም አብረው ይጠበቃሉ።